ምድጃው ገባ፣ መለዋወጫው የት ቀረ?

እናቴ ቤት ድስቶች መጥቆር ከጀመሩ ስምንት ወር አልፏቸው ነበር። ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ጅቡቲ ኮሪደር ስጽፍ የምውለው እኔ ልጇ ምክንያቱን ያወቅኩት ግን ስቶቩን ከግድግዳው ስቤ ጀርባውን ያየሁ ቀን ነው። ጀርባው ላይ መታወቂያ የምታክል ወረቀት ተለጥፋለች። ከእኔ በፊት ሦስት ባለሙያዎች ያቺን ወረቀት ሳያዩ አልፈዋታል። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ትንሽ ታገሱኝ፣ ጉዳዩ ከእናቴ ኩሽና ይሰፋል።

ስቶቩ የአክስቴ ልጅ ከጣሊያን ጠቅልላ ስትገባ ከሶፋውና ከፍሪጁ ጋር በኮንቴይነር ያመጣችው ነው። ባለ አራት ምድጃ፣ ከሥሩ ኦቨን ያለው፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ። እሷ ኮንዶሚኒየም ስትገባ ኩሽናው ጠበባትና ለእናቴ ሰጠቻት። አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለችን ባለ ሁለት ምድጃዋ ስቶቫችን ደግሞ ለዕድር ተሰጠች። እናቴ ጎረቤት ቡና ስትጠራ መጀመሪያ የምታሳየው ስቶቩን ሆነ።

ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሳቱ ቢጫ ነበር። ረጅም፣ የሚወዛወዝ፣ ጫፉ እንደ ሻማ የሚጨስ ነበልባል። የድስቱ ቂጥ በጥላሸት ይለበሳል፣ ጀበናው ከከሰል የወጣ ይመስላል፣ በፊት ሁለት ወር ያደርስ የነበረው ሲሊንደር በአምስት ሳምንት ያልቃል። የጋዝ ዋጋ ራሱ የሚያስለቅስ በሆነበት ዘመን!

የመጀመሪያው ባለሙያ መጣ። ራሶቹን አውልቆ አጠበ፣ «እማማ፣ ጋዙ ነው የተበላሸው፤ ይቀላቅሉበታል» ብሎ ተከፍሎት ሄደ። (አገራችን ውስጥ ለማይገባን ነገር ሁሉ ይህ መልስ አለ፤ ቤንዚኑም ይቀላቀላል፣ በርበሬውም ይቀላቀላል።) ሁለተኛው «ጉልበት ያንሰዋል» አለና ሬጉሌተሩን ሆቴል ቤቶች ለትልቁ ምድጃ በሚጠቀሙበት የከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ቀየረው። በዚያ ምሽት ነበልባሉ የድስቱን እጀታ አቀለጠ። እናቴ ራሷ ናት አስወልቃ የመለሰችው። ሦስተኛው ጎበዝ መስሎ ታየኝ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው፣ መርፌ አውጥቶ የጋዝ መውጫዎቹን ቀዳዳ «ላስፋልሽ ማዘር» ሲል ግን እግዜር ይስጠው ብለን ሸኘነው። በኋላ እንደገባኝ፣ ቢያሰፋው ኖሮ ትክክል ከሚሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ነበር የሚሄደው።

በዚህ መሃል እናቴ ራስ ምታት ጀመራት። ከሰዓት በኋላ፣ ወጥ ሠርታ ስትጨርስ። ጥቅምት ነበር፣ ብርዱ ስለከበዳት የኩሽናውን መስኮት ዘግታ ነው የምትሠራው። ግፊቷ ተለካ፣ ደህና ነው። መነጽሯ ተቀየረ። ቅዳሜና እሁድ እህቴ ጋር ስታድር ይተዋታል፤ እሷ «የልጅ ልጅ ሳይ ነው የሚለቀኝ» ትላለች፣ እኛም አመንን። ከሰል ሰው እንደሚገድል እኮ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሰል ያጨሰበት ክፍል ውስጥ ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ ያልሰማ የለም። ጋዝ ግን «ንጹሕ» ነው ብለን ስለምናስብ ያው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በትክክል ካልተቃጠለ ጋዝም እንደሚወጣ ማንም አይነግረንም። ቢጫ እሳትና ጥላሸት የእሱ ምልክት ናቸው።

አሁን ወደ ወረቀቷ። በላቲን ፊደል «ጂ20፣ 20 ሚሊባር» ይላል። ይኼው ነው። ምስጢሩ በሙሉ እዚህ አለ። ጂ20 ማለት የተፈጥሮ ጋዝ፣ ሜቴን ነው፤ ጣሊያን ውስጥ በቧንቧ ወደየቤቱ የሚመጣው። እኛ በሲሊንደር የምንገዛው ግን ቡቴንና ፕሮፔን ነው፤ በዚያው አጻጻፍ ጂ30 እና ጂ31 ይባላሉ። ሁለቱ ጋዞች በመልክ አይለዩም፣ በጠባይ ግን ሰፊ ልዩነት አላቸው። የሲሊንደሩ ጋዝ በተመሳሳይ መጠን ውስጥ የሚሸከመው ጉልበት ከተፈጥሮ ጋዝ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ግፊቱም ወደ 30 ሚሊባር ይጠጋል። ስለዚህ የሚወጣበት ቀዳዳ ጠባብ መሆን አለበት። ለሜቴን በተሠራ ሰፊ ቀዳዳ የሲሊንደር ጋዝ ስትለቁበት ለመቃጠል የሚበቃው አየር አያገኝም፤ ይጨሳል፣ ይጠቁራል፣ ይመርዛል፣ ኪስም ያራቁታል።

ቀዳዳው ያለባት ዕቃ ኖዝል ትባላለች። የምድጃውን ራስ ስታነሱ ከሥሩ መሃል ላይ የምትታይ፣ የቡና ፍሬ የምታክል ናስ ናት። አናቷ ላይ ወይም ጎኗ ላይ ቁጥር ተቀርጾባታል፤ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ነው። የእናቴ ስቶቭ መካከለኛ ምድጃ ላይ 97 ይላል፣ ማለትም 0.97 ሚሊሜትር። ለሲሊንደር ጋዝ መሆን የነበረበት 65 ነው። በዓይን ስታዩት ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል። ድስቱ ላይ ግን ስምንት ወር ሙሉ ሲጻፍ ኖሯል።

የሚያበሳጨው ነገር፣ አምራቹ ይህን አስቦበት ነበር። ከአውሮፓ የሚወጡ ስቶቮች አብዛኛውን ጊዜ ለተፈጥሮ ጋዝ ተስተካክለው ይሸጡና የሲሊንደር ጋዝ ኖዝሎች በትንሽ ፌስታል ውስጥ ሆነው ከመመሪያው ጋር ይመጣሉ። የአክስቴን ልጅ ደውዬ ጠየቅኳት። «አዎ፣ ምናምን ብሎኖች ያሉባት ፌስታል ነበረች፤ ቤት ሳጸዳ የጣልኳት መሰለኝ» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኔም ብሆን እጥላታለሁ።

ፍለጋው ተጀመረ። በመጀመሪያ ትልልቅ የቤት ዕቃ መሸጫዎች ሄድኩ፤ ስቶቭ በረድፍ የተደረደረባቸው፣ መብራታቸው የሚያምር። «ኖዝል» ስል ሻጯ ልጅ ሥራ አስኪያጁን ጠራችው፣ እሱም በትሕትና «ወንድሜ፣ እኛ መለዋወጫ አናመጣም» አለኝ። የሚሸጧቸው ስቶቮችስ ለየትኛው ጋዝ ነው የተስተካከሉት ብዬ ስጠይቀው «ለጋዝ» አለኝ። ለጋዝ! ቤንዚን የሚሞላ መኪና ለመሸጥ «ለነዳጅ ነው» እንደ ማለት። ሌላው ሱቅ ደግሞ አዲስ ስቶቭ ላይ ቅናሽ ሊያደርግልኝ ፈለገ። እሱ ባይሳካለትም በጣም ተረዳሁት፤ በዚህ ገበያ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያተርፈው አሮጌው ሲጣል ነው።

መርካቶ ገባሁ። ከሱቅ ሱቅ ስዞር አንድ ልጅ «ምናለሽ ተራ ሞክር» አለኝ። ምናለሽ ተራን የማታውቁ ካላችሁ፣ አገሪቱ የጣለችው ብረት ሁሉ ሁለተኛ ነፍስ የሚዘራበት ሰፈር ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ከሞቱ ስቶቮች የተነቀሉ ማብሪያዎች፣ ራሶች፣ ቫልቮች በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በዓይነት ለይተው አስቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ኖዝል ፈልጌ ነበር።»

«አሮጌውን ይዘኸዋል?»

ይዤዋለሁ። ሌላ ቦታ ማንም ይህን አልጠየቀኝም። አጉሊ መነጽር አወጡ፣ ቁጥሩን አነበቡ፣ ጥርሱን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉ፣ «ይህ የቧንቧ ጋዝ ነው፤ እናትህን አጭሶብህ ይሆናል» አሉኝ። ቃል በቃል እንዲህ አሉ። የተማሩት ከማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ፤ «ከብረቱ።» ከሣጥናቸው ውስጥ ጥርሱ የሚገጥም ሦስት ኖዝል ፈልገው አወጡልኝ። አራተኛው፣ የትልቁ ምድጃ፣ 85 የሚል ነበር የሚያስፈልገው፤ የለም። ትንሽ ቁጥር ወስጄ ላሰፋው ብዬ ጠየቅኳቸው። «በመርፌ የሰፋ ቀዳዳ ክብ አይሆንም ልጄ፤ እሳቱ ይጣመማል። ከሌለ የለም ነው፣ አንዱን ምድጃ ዝጋው» አሉኝ። ሸጠው ሊያተርፉ ሲችሉ «የለም» ያለኝ ነጋዴ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አራተኛዋ ከሁለት ወር በኋላ ከሚላኖ በሰው እጅ በፖስታ መጣች፤ ይኸው አንዲት ናስ ሜዲትራኒያንን ተሻግራ።

ለሦስቱ የከፈልኩት በጠቅላላው ለአንድ ኪሎ ሥጋ ከምንከፍለው ያነሰ ነበር። ሲገጠሙ እሳቱ ሰማያዊ ሆነ። ራስ ምታቱ በሳምንቱ ጠፋ፤ ሐኪም ስላልሆንኩ ከዚህ በላይ አልልም።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ የቤተሰብ ወሬ ይሆን ነበር። ግን የኛ አገር የኃይል ክርክር ሁልጊዜ ስለ ጋዙ ብቻ ነው፤ ሲሊንደር ጠፋ፣ ሲሊንደር ተወደደ፣ መርከብ ዘገየ። ሰውን የሚያቆስለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጋዙና በእሳቱ መካከል ያለው አንድ ሜትር ነው፤ ሬጉሌተር፣ ጎማ፣ ማሰሪያ፣ ቫልቭ፣ ኖዝል። ለዚያች አንድ ሜትር ማንም ባለቤት የለውም። ጋዝ ሻጩ «እኔ ጋዝ ነው የምሸጠው» ይላል፣ ስቶቭ አስመጪው «እኔ ስቶቭ ነው ያመጣሁት» ይላል፣ ባለሙያው መርፌ ይዞ ይመጣል።

ጎማውን ውሰዱ። የጋዝ ጎማ ለጋዝ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሲሊንደር ጋዝ ተራውን የውሃ ጎማ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፣ ያሰነጥቀዋል። እኔ ግን በገዛ ዓይኔ አትክልት የሚጠጣበት ጎማ ጫፉ በእሳት ሞቆ ስቶቭ ላይ ተሰክቶ፣ በማሰሪያ ፈንታ በሽቦ ተጠምጥሞ አይቻለሁ። ደህናው ጎማ ላይ የተሠራበት ወይም የሚያበቃበት ዓመት ታትሟል። ብዙ አምራቾች በአምስት ዓመት ይቀየር ይላሉ። የእናንተ ስንት ዓመቱ ነው? የእናቴ ጎማ ላይ ጽሑፉ ተፍቆ አይታይም ነበር፤ ያ ራሱ መልስ ነው። ከኦቨኑ ጀርባ የሚያልፍ ጎማ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ይበልጥ ያፋጥነዋል።

ሬጉሌተር ሌላ ራስ ምታት ነው። የአንዱ ኩባንያ ሲሊንደር አፍ የሌላውን ሬጉሌተር አልቀበልም ይላል። ጋዝ ሲጠፋና ያገኛችሁትን ሲሊንደር ስትወስዱ፣ ቤት ደርሳችሁ ነው የምታውቁት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ማገናኛ» የሚባል በቶርኖ ቤት የተሠራ ነገር ነው። ጎበዝ ቶርኒተሮች እንዳሉን አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም፤ ግን የጋዝ ማገናኛ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም። የሲሊንደር አፍ አንድ ዓይነት ይሁን ማለት እኮ የጨረቃ ጉዞ አይደለም፤ የአምፖል ቂጥ አንድ ዓይነት እንዲሆን የተስማማ ዓለም ውስጥ ነው ያለነው።

ኦቨን ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ማብሪያውን ተጭናችሁ ጥቂት ሰከንድ ካልያዛችሁ የሚጠፋ ከሆነ ተበላሽቶ አይደለም፤ ቴርሞካፕል የምትባል ሽቦ መሰል ነገር ነበልባሉ ውስጥ ገብታ እየሞቀች ነው። ስትሞቅ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፣ ያ ኤሌክትሪክ የጋዙን በር ከፍቶ ይይዛል፤ እሳቱ በንፋስ ወይም በገነፈለ ወጥ ቢጠፋ ትቀዘቅዛለች፣ በሩ በራሱ ይዘጋል። ያረጀች እንደሆነ መቀየር ነው ያለባት። እኛ ሰፈር ግን የሚደረገው «ቀጥታ ማድረግ» ነው፤ ጠባቂዋን አስወግዶ ጋዙ ሁልጊዜ እንዲያልፍ መተው። ደንበኛው ይደሰታል፣ ከእንግዲህ ተጭኖ መያዝ የለማ! ማታ ሽሮ ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋውና ጋዙ ሲፈስ ግን የሚዘጋው የለም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ላይ ተኝቶ፣ በበር ሥር አልፎ፣ እሳት ይፈልጋል። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፤ ያ የሚከረፋው ነገር ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው፣ እንድትነቁ።

ማንም የማያነሳው ሌላ ጉዳይ አለ፤ ከፍታችን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። (ባሕር ዳርቻ ያልኩት የምር የባሕርን ዳርቻ ነው፣ የጣና ልጆች አትቆጡ።) ስቶቮቹ የሚሠሩት ግን ለቆላው ለባሕር ጠረፉ ሰው ነው። አየሩ ስስ ሲሆን ያው ጋዝ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። የአሜሪካ የጋዝ መመሪያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ለሚገጠም ዕቃ ለየ1,000 ጫማው 4 በመቶ ኃይል ይቀነስ ይላል፤ በዚያ ሒሳብ አዲስ አበባ ላይ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። ይህ ማለት በትክክለኛ ኖዝል እንኳ የምንሠራ ሰዎች እሳታችን ትንሽ ቢጫ ቢያሳይ የሚገርም አይደለም፣ የመስኮቱም ጉዳይ ከሌላው ዓለም ይልቅ እኛን ይመለከተናል። ለአዲስ አበባ ከፍታ የሚሆን ኖዝል አምጥቶ የሚሸጥ አስመጪ ቢኖር እኔ የመጀመሪያ ደንበኛው ነኝ። ቁጥሩን በራሳችን ግምት እናውርድ ማለቴ ግን አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? «መንግሥት ይቆጣጠር» ማለት ቀላል ነው። አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ ሲያየው «ቁጥጥር ስትጠይቅ ሌላ የጉቦ በር እያስከፈትክ ነው፤ ዋጋውም ይጨምራል» አለኝ። ልክ ነው፣ ስጋቱን እጋራዋለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ፈቃድም አዲስ ማኅተምም አይደለም። ስቶቭ የሚያስመጣ ሁሉ ለየትኛው ጋዝና ግፊት እንደተስተካከለ በአማርኛ የሚገልጽ አንድ ተለጣፊ ወረቀት ፊት ለፊቱ ላይ ይለጥፍ፤ የሲሊንደር ጋዝ ኖዝሎቹ ሳይገጠሙ አይሽጥ፤ ለሸጠው ሞዴልም ኖዝል፣ ቴርሞካፕልና ማብሪያ ያስቀምጥ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። «ለጋዝ ነው» በቂ መረጃ አይደለም። ይህን ለማስፈጸም አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ መጋዘን ውስጥ ገብቶ ጀርባውን ማየት የሚችል አንድ ሰው ይበቃል። ወጪውም እኮ የናስ ወጪ ነው።

ደግሞም «አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ድሮ ያምር ነበር። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ሱቅ ገብታችሁ ያያችሁት ነው። አንድ ስቶቭ በናስ ፍሬ ምክንያት ሲጣል የሚወጣው ዶላር የአገር ዶላር ነው። ስለ ምንዛሪ እጥረት በየሳምንቱ የምንከራከር ሰዎች የምናለሽ ተራውን ሽማግሌ እንደ ኢኮኖሚ ተዋናይ ቆጥረናቸው እናውቃለን? በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ውስጥ የጋዝ ምድጃ ጥገና በወጉ ቢሰጥ፣ እንደ እሳቸው ያሉት ደግሞ መምህር ሆነው ቢጠሩ፣ ያ ረጋ ያለው ሦስተኛው ልጅ መርፌውን ትቶ ቁጥር ማንበብ በአንድ ሳምንት ይማር ነበር። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ማን አሳየው?

አሁን ደግሞ የባሰው ሊመጣ ነው። መስከረም 2018 ካሉብ ላይ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመረቅ ስልኬ በደስታ መልእክት ተጥለቀለቀ፤ «የሲሊንደር ወረፋ ቀረ» የሚል። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን የካሉቡ ጋዝ ሜቴን ነው፤ ያው ጂ20። ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ነው፤ ኩሽናችሁ ውስጥ ባለችው ሲሊንደር ፈሳሽ ሆኖ አይቀመጥም። አንድ ቀን በቧንቧ ወደ ቤት ቢመጣ እንኳ ዛሬ በትክክል የሚሠሩት ስቶቮቻችን በሙሉ ኖዝል መቀየር አለባቸው፣ ያኔ ደግሞ ከጠባብ ወደ ሰፊ። ኖዝሉን የሚያስመጣው ማን ነው? የሚቀይረውስ? ጋዙን ስናቅድ ናሱን ያቀደ ሰው እንዳለ እስካሁን አልሰማሁም።

እስከዚያው ዛሬ ማታ የምትችሉትን ልንገራችሁ። እሳታችሁን እዩ፤ ሰማያዊና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ናችሁ። ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ ራሱ በቦታው መቀመጡን፣ የገነፈለ ሽሮ ቀዳዳዎቹን አለመድፈኑን እዩ፤ እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ኖዝሏን ግን በመርፌ አትንኩ። አሁንም ቢጫ ከሆነ የጀርባውን ወረቀት አንብቡ። ጎማውንና መገጣጠሚያዎቹን የላርጎ አረፋ ቀቡና ተመልከቱ፤ አረፋው ካበጠ ይፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ዘመድ ካላችሁ ክብሪቱን ቀሙት። ሽታ ከመጣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ የመብራት ማብሪያ አትንኩ፣ ከቤት ወጥታችሁ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። መለዋወጫ ልትገዙ ስትወጡ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ የስቶቩን የጀርባ ወረቀትም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቴርሞካፕል እንኳ በርዝመትና በጥርስ ይለያያል፣ በቃል አይገዛም። ማብሪያው ደርቆ እምቢ ካለ ደግሞ የመኪና ግሪስ አታስቀቡት፤ ቀልጦ የጋዙን መንገድ ይዘጋል።

እናቴ አሁን መስኮቱን ትከፍታለች፤ ብርዱን እየረገመች። ከስቶቩ የወጡትን አራቱን የሜቴን ኖዝሎች አልጣልኳቸውም። በትንሽ ፌስታል አድርጌ፣ ቁጥራቸውን በእስክሪፕቶ ጽፌ፣ ከስቶቩ ጀርባ ካለችው ወረቀት አጠገብ በፕላስተር ለጥፌያቸዋለሁ። «ይኼ ምንድነው?» ስትለኝ «የካሉብ ጋዝ ሲመጣ» አልኳት። «እስከዚያ እኔ አለሁ?» አለችና ወደ ወጧ ዞረች።